የመዝገብ ቅጽ ሲሻገር፦ በታይፕስክሪፕት ቋንቋ የሚታይ ያልተጠበቀ ጠባይ በወለጋ ከተሞች የተማሪ መዝገብ አብነት

በነቀምትም ሆነ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎም ሆነ በሻምቡ፣ አንድ የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ የተማሪ መመዝገቢያ ቅጽ ሲቀርብለት በወረቀቱ ላይ ከታተመው በላይ ብዙ ነገር ያውቃል። የተማሪው ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም የማይታለፉ መሆናቸውን፣ «ቀድሞ የተማረበት ትምህርት ቤት» የሚለው ዓምድ ግን መልቀቂያ ይዞ ለመጣ ተማሪ ብቻ እንደሚሞላ፣ የመዝገብ ቁጥርም አንድ ጊዜ ከተሰጠ በኋላ እንደማይፋቅ ያውቃል። ይህ ዕውቀት በልማድ የሚኖር እንጂ በቅጹ ላይ የተጻፈ አይደለም። መዝገቡ ወደ ኮምፒዩተር በሚገባበት ጊዜ ግን ልማድ አብሮ አይገባም። የትኛው ዓምድ ግዴታ እንደሆነ፣ የትኛው ባዶ ሊተው እንደሚችል፣ የትኛው እንደማይለወጥ በግልጽ መጻፍ አለበት። ከዚህም ሌላ አንዱ ቅጽ ሌላውን በሚወልድበት ጊዜ ሁሉ፣ ይኸውም ከመመዝገቢያው ሮስተር፣ ከሮስተሩም ለወረዳ የሚላከው ማጠቃለያ ሲወጣ፣ የተጻፈው ግዴታ ሳይጎድል መሻገር ይኖርበታል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ታይፕስክሪፕት በተባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ይህን የቅጽ መሻገር የሚፈጽመው ደንብ እንዴት እንደሚሠራና በየትኞቹ ሁኔታዎች ከተጠበቀው ውጭ የሆነ ውጤት እንደሚሰጥ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች ማብራራት ነው። ለዚህም ቋንቋውን አስቀድሞ መማር አያስፈልግም። ነገር ግን የተማሪ መዝገብ የሚይዝ መርሐ ግብር ሲሠራ ጉድለቱን ተሸክሞ የሚኖረው የመርሐ ግብሩ ጸሐፊ ሳይሆን ሥራውን የተረከበው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ስለሆነ፣ ተረካቢው ምን መጠየቅ እንዳለበት ቢያውቅ ይጠቀማል። በአብነት የቀረበው መዝገብ ለማስረዳት ሲባል የታሰበ ነው እንጂ የአንድ የተለየ ትምህርት ቤት መዝገብ አይደለም። የቦታዎቹ ስሞችና ስለ ቋንቋው አሠራር የሚነገረው ግን በእውነት ያለ ነው።

አስቀድሞ የሚመረምር ቋንቋ

በድረ ገጽ ላይ የሚሞሉ ቅጾች በአብዛኛው የሚንቀሳቀሱት በ1995 እ.ኤ.አ. በወጣው በጃቫስክሪፕት ቋንቋ ነው። ይህ ቋንቋ ለአንድ ዓምድ የተሰጠው ነገር ቁጥር ይሁን ጽሑፍ አስቀድሞ አይጠይቅም። በዕድሜ ዓምድ «አሥራ አራት» ተብሎ በፊደል ቢጻፍ ይቀበላል፤ ስሕተቱ የሚታወቀው የክፍሉ አማካይ ዕድሜ ሲሰላ ነው፤ ያን ጊዜም ላይታወቅ ይችላል። ይህን ጉድለት ለመሙላት ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ በ2012 እ.ኤ.አ. ታይፕስክሪፕትን ይፋ አደረገ። የሥራው መሪ ቀደም ሲል ቱርቦ ፓስካልንና ሲ ሻርፕን በመንደፍ የታወቀው ዴንማርካዊው አንደርስ ሃይልስበርግ ነው። ታይፕስክሪፕት በጃቫስክሪፕት ላይ የዓይነት መግለጫ ይጨምራል፤ መርሐ ግብሩ ሥራ ከመጀመሩ በፊትም አንድ መርማሪ እያንዳንዱ ዕሴት ከተገለጸለት ዓይነት ጋር መስማማቱን ያያል።

እዚህ ላይ በመምህራን ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚስተዋል አንድ አለመግባባት አለ። መርማሪው ሥራውን ሲጨርስ የዓይነት መግለጫው በሙሉ ይሰረዛል፤ መርሐ ግብሩ በሚሠራበት ሰዓት የሚቀረው ጃቫስክሪፕቱ ብቻ ነው። መርማሪው በምዝገባ ዋዜማ ቅጾቹን ሁሉ አገላብጦ ያየ፣ በምዝገባው ዕለት ግን በመስኮቱ ያልተገኘ ርእሰ መምህርን ይመስላል። ቅጹ ትክክል መሆኑን አረጋግጧል። በማግስቱ ወላጅ ይዞ የሚመጣውን ወረቀት ግን አላየውም። ከዚህ በታች ከተገለጹት ያልተጠበቁ ጠባዮች አብዛኞቹ የሚከብዱት በዚሁ ምክንያት ነው።

ከቅጽ ቅጽ የሚያወጣው ደንብ

ለአብነት የታሰበው የተማሪ ቅጽ ስድስት ዓምዶች አሉት፦ የመዝገብ ቁጥር፣ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የትውልድ ዘመንና ቀድሞ የተማረበት ትምህርት ቤት። በቋንቋው ሁለት ምልክቶች ለዓምዶች ይሰጣሉ። የመጀመሪያው የጥያቄ ምልክት ሲሆን ዓምዱ ባይኖርም እንደሚፈቀድ ያመለክታል፤ ይህ ለመጨረሻው ዓምድ ይሰጣል። ሁለተኛው «ሪድኦንሊ» የሚለው ቃል ነው። ትርጉሙም ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም ማለት ነው፤ ይህም ለመዝገብ ቁጥሩ ይሰጣል።

ከዚህ አንድ ቅጽ ሌሎች ብዙ ቅጾች ይፈለጋሉ። የተለወጡትን ዓምዶች ብቻ የሚይዝ የማስተካከያ ቅጽ ይፈለጋል፤ ምንም የማይለወጥበት የታሸገ ቅጽ ይፈለጋል፤ እያንዳንዱ ዓምድ መረጋገጡን «አዎን» ወይም «አይደለም» በማለት የሚያመለክት ቅጽም ይፈለጋል። እነዚህን እያንዳንዳቸውን በእጅ መጻፍ አድካሚ ከመሆኑም በላይ በዋናው ቅጽ ላይ አንድ ዓምድ ሲጨመር ሌሎቹ ሳይጨመርላቸው ይቀራሉ። ስለዚህ በታኅሣሥ ወር 2016 እ.ኤ.አ. በወጣው 2.1 ኛው ዕትም «ማፕድ ታይፕ» የተባለው አሠራር ተጨመረ። በዚህ ጽሑፍ የማሻገሪያ ደንብ ተብሎ ይጠራል። ደንቡ የዓምዶችን ስም ዝርዝር ይወስዳል፤ በዝርዝሩ ላይ አንድ በአንድ እየሄደ ለእያንዳንዱ ስም በአዲሱ ቅጽ ላይ አንድ ዓምድ ይተክላል። ሁሉንም ዓምዶች ባዶ መተው የሚፈቅደው «ፓርሻል»፣ ሁሉንም የሚያሽገው «ሪድኦንሊ»፣ የተመረጡትን ብቻ የሚያስቀረው «ፒክ» እና በስም ዝርዝር ላይ ተመሥርቶ ሠንጠረዥ የሚያወጣው «ሪኮርድ» ከቋንቋው ጋር ተዘጋጅተው የሚመጡ የዚህ ዓይነት ደንቦች ናቸው።

ደንቡ እስከዚህ ድረስ ቀላል ይመስላል። ያልተጠበቀው ነገር የሚጀምረው ደንቡ የስም ዝርዝሩን ከየት አገኘው የሚል ጥያቄ ሲነሣ ነው።

ዝርዝሩ በቀጥታ ከቅጹ ከተወሰደ፣ ይኸውም ደንቡ ውስጥ «የተማሪ ቅጽ ዓምዶች ሁሉ» ተብሎ «ኪይኦፍ» በሚለው ቃል ከተጻፈ፣ መርማሪው ስሞቹን ብቻ ሳይሆን ምልክቶቻቸውንም ያሻግራል። የጥያቄ ምልክቱና የማሸጊያው ቃል ማንም ሳይጠራቸው ወደ አዲሱ ቅጽ ያልፋሉ። ዝርዝሩ ግን አስቀድሞ ለብቻው ስም ወጥቶለት ከተቀመጠና ደንቡ በዚያ ስም ከጠራው፣ የሚያልፉት ስሞቹ ብቻ ናቸው። ስድስቱ ስሞች በሁለቱም መንገድ ያው ስድስት ስሞች ናቸው። ይሁን እንጂ በመጀመሪያው መንገድ «ቀድሞ የተማረበት ትምህርት ቤት» ባዶ ሊተው የሚችል ሆኖ ይቀራል፤ በሁለተኛው መንገድ ግን ግዴታ ዓምድ ይሆናል። የመዝገብ ቁጥሩም በመጀመሪያው እንደታሸገ ሲያልፍ በሁለተኛው ማሸጊያው ይነሣለታል። አንድ ጸሐፊ ጽሑፉ እንዲያምር ብሎ ረጅሙን አገላለጽ አውጥቶ አጭር ስም ቢሰጠው፣ የቅጹን ሕግ ለወጠ ማለት ነው። ለውጡ በየትኛውም መስመር ላይ ተጽፎ አይገኝም።

ነገሩ በመዝገብ ቤት ልማድ ከታየ እንግዳ አይደለም። የዓምዶቹን ስም ከዋናው መዝገብ ላይ እያየ አዲስ ሠንጠረዥ የሚያሰምር ሠራተኛ በግርጌ ያለውን ማስታወሻ ጭምር ያያል። በብጣሽ ወረቀት የተገለበጡ ስሞችን ብቻ የተቀበለው ግን ማስታወሻ መኖሩንም አያውቅም። «ፒክ» በዚህ ረገድ የተለየ ነው። የሚቀበለው ዝርዝር የዚያ ቅጽ ዓምዶች ክፍል መሆን እንዳለበት በደንቡ ስለተጻፈ፣ ዝርዝሩ ለብቻው ቢመጣም ወደ ቅጹ ተመልሶ ምልክቶቹን ይፈልጋል። «ሪኮርድ» ግን ከማንም ጋር ያልታሰረ ዝርዝር ስለሚቀበል የሚመለስበት ቅጽ የለውም።

የአባት ስም ሲጠፋ

የማስተካከያ ቅጹን ነገር ረዘም አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ስም አወጣጥ የቤተሰብ መጠሪያ የለም፤ አንድን ጫላ ከሌላው ጫላ የሚለየው የአባቱና የአያቱ ስም ነው። የአባት ስም ከመዝገብ ላይ ቢጠፋ ተማሪው ሌላ ሰው ይሆናል ወይም ማንም አይሆንም፤ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናም ሆነ የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በሚመዘገብበት ጊዜ ማንነቱን ማስረዳት የእርሱና የወላጆቹ ሸክም ይሆናል።

የማስተካከያ ቅጹ «ፓርሻል» በተባለው ደንብ ከዋናው ቅጽ ይወጣል እንበል ቢባል፣ የታሰበው ነገር ግልጽ ነው፦ የተለወጠው ዓምድ ይላካል፣ ያልተለወጠው አይላክም። በመርማሪው ልማዳዊ አሠራር ግን «ዓምዱ የለም» እና «ዓምዱ አለ፤ ዕሴቱ ባዶ ነው» የሚሉት ሁለት ነገሮች እንደ አንድ ይቆጠራሉ። በወረቀት ላይ ልዩነታቸው የታወቀ ነው፤ የመጀመሪያው ስለ አባት ስም ያልተናገረ ማስተካከያ ሲሆን ሁለተኛው «የአባት ስም፦ የለም» ብሎ የጻፈ ማስተካከያ ነው። መርሐ ግብሩ ማስተካከያውን በዋናው መዝገብ ላይ ሲደርበው፣ በመጀመሪያው ሁኔታ የአባት ስም እንደነበረ ይቆያል። በሁለተኛው ሁኔታ ባዶው በስሙ ላይ ይጻፋል። የሚያስገርመውም መርማሪው ከድርቡ በኋላ የአባት ስም አሁንም ጽሑፍ ነው ብሎ መመስከሩ ነው። ለመደረቢያው በሚሰጠው ስሌት፣ ባዶ ሊሆን የሚችለው ዓምድ ካልመጣ የዋናው ይቆያል ብሎ ይገምታል እንጂ ባዶ ሆኖ ሊመጣ እንደሚችል አይቆጥርም። ስለዚህ ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ስም ይጠፋል።

ይህን ለማረም በነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ. በወጣው 4.4 ኛው ዕትም «ኤግዛክት ኦፕሽናል ፕሮፐርቲ ታይፕስ» የተባለ ማብሪያ ተጨምሯል። ማብሪያው ሲበራ ባይኖር የሚፈቀድ ዓምድ ከመጣ ባዶ ሆኖ መምጣት የለበትም። ነገር ግን «ስትሪክት» በሚባለው የጥብቅ ምርመራ ጥቅል ውስጥ አልተካተተም፤ በስሙ ተጠርቶ መብራት አለበት። የተማሪ መዝገብ የሚረከብ ጽሕፈት ቤት በውሉ ውስጥ አንድ ቴክኒካዊ መስመር ብቻ ማስገባት ቢፈቀድለት፣ ይህን ቢያስገባ ከብዙ ነገር ይድናል።

ተቃራኒው ደንብ «ሪኳየርድ» ነው። የጥያቄ ምልክቶችን ሁሉ ይነቅላል፤ ሲነቅልም ከዓምዱ ዓይነት ውስጥ «ባዶ» የሚለውን ዕሴት አብሮ ያወጣል። በቅጹ ላይ ሁሉም የተሞላ መሆኑ ተረጋገጠ ማለት ነው፤ ፋይሉን ግን የከፈተው የለም። ከጊምቢ ወደ ነቀምት በተላከው ፋይል ውስጥ ባዶው ዓምድ ባዶ እንደሆነ ይደርሳል።

ሁለት ዓይነት ተማሪ፣ አንድ ቅጽ

እስካሁን የተጠቀሰው ቅጽ አንድ ነበር። በተግባር ግን መዝጋቢው ሁለት ዓይነት ተማሪ ይቀበላል፦ በዚያው ትምህርት ቤት ከታች የወጣና ከሌላ የተዛወረ። የተዛወረው ተማሪ ቅጽ የመልቀቂያ ቁጥርና የቀድሞ ትምህርት ቤት ግዴታ የሆኑበት የራሱ ቅጽ ቢሆን የተሻለ ነው። ቋንቋውም «ይህ ወይም ያ» ብሎ ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ይፈቅዳል። «ፓርሻል» በዚህ ጥምር ላይ ቢሠራ እያንዳንዱን ቅጽ ለየብቻው አሻግሮ መልሶ «ይህ ወይም ያ» ይላል። መልካም ነው።

«ኦሚት» የተባለው ደንብ ግን እንደዚህ አያደርግም። ይህ ደንብ በ2019 እ.ኤ.አ. በ3.5 ኛው ዕትም የመጣ ሲሆን ሥራው የተጠሩትን ዓምዶች አስወጥቶ የቀሩትን ማስቀመጥ ነው። ለወረዳ ከሚላከው ማጠቃለያ ላይ የትውልድ ዘመንን ለማስወጣት ተፈልጎ ደንቡ በጥምሩ ላይ ሲሠራ፣ በመጀመሪያ የሚጠይቀው የሁለቱ የጋራ ዓምዶች የትኞቹ ናቸው ብሎ ነው። የመልቀቂያ ቁጥርና የቀድሞ ትምህርት ቤት በአንደኛው ብቻ ስለሚገኙ ከዝርዝሩ ውጭ ይቀራሉ። አንድ ዓምድ እንዲወጣ ታዝዞ ሦስት ዓምድ ወጣ ማለት ነው። የተዛወሩ ተማሪዎች ከየት እንደመጡ ማወቅ ለዕቅድ አውጪ ከሁሉ የሚበልጥ መረጃ በሚሆንበት ጊዜ ጉዳቱ የሚታይ ነው። መፍትሔው ጥምሩን አስቀድሞ በትኖ ደንቡን በእያንዳንዱ ቅጽ ላይ ማሠራት ነው፤ ከ2.8 ኛው ዕትም ጀምሮ ያለው ሁኔታዊ ዓይነት ይህን ያስችላል።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር ቅጹ ክፍት አንቀጽ ሲኖረው ይደርሳል። «ሌሎች ዓምዶችም ሊጨመሩ ይችላሉ» የሚል አንቀጽ ባለበት ቅጽ ላይ «ኦሚት» ሲሠራ የታወቁት ስሞች በሙሉ በክፍቱ አንቀጽ ይዋጡና ክፍቱ አንቀጽ ብቻ ይቀራል።

«ኦሚት» ሌላም ድካም አለበት። «ፒክ» በቅጹ ላይ የሌለ ዓምድ ከተጠራ ስሕተት ነው ይላል፤ «ኦሚት» ግን የሌለ ዓምድ ቢጠራም ዝም ይላል። በአማርኛ ፊደል የዓምድ ስም መስጠት የተፈቀደ ስለሆነ፣ ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ጸሐፊዎች የተለየ ክብደት አለው። «ሃይማኖት» የሚለው ቃል በሀ፣ በሃ፣ በሐ ወይም በኃ ተጽፎ ይገኛል፤ ለአንባቢ አንድ ቃል ነው፤ ለኮምፒዩተር አራት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ቅጹ በሃ ጽፎት ደንቡ በኃ ቢያስወጣው ምንም አይወጣም፤ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን፣ ስሙ በትክክል ቢጻፍ እንኳ «ኦሚት» የሚያስወጣው ዓምዱን ከቅጹ እንጂ ዕሴቱን ከመዝገቡ አይደለም። ማጠቃለያው ወደ ወረዳ ሲላክ የልጁ ሃይማኖት በፋይሉ ውስጥ አብሮ ይሄዳል፤ ላኪው ግን ቅጹን አይቶ የለም ብሎ ያምናል። የግል መረጃ የሚወጣው ዕሴቱ በመርሐ ግብሩ በእርግጥ ሲሰረዝ ብቻ ነው።

ነቀምት በስንት ስም ትጠራለች?

የዞን ማጠቃለያ የሚሠራበት «ሪኮርድ» ስሞቹ አስቀድመው ከታወቁ እጅግ ጠቃሚ ነው። የቀድሞው የወለጋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነቀምት ነበረች። ዛሬ በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ወለጋ የሚለውን ስም የያዙት ዞኖች አራት ናቸው፦ ምሥራቅ ወለጋ ነቀምትን፣ ምዕራብ ወለጋ ጊምቢን፣ ቄለም ወለጋ ደምቢ ዶሎን፣ ሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ሻምቡን ዋና ከተማ አድርገዋል። የቀድሞው ክፍለ ሀገር ክፍል የነበረው አሶሳ ደግሞ ዛሬ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ይገኛል። አራቱ ስሞች በዝግ ዝርዝር ተጽፈው ሠንጠረዡ ከዚያ ቢወጣ፣ አንዱ ዞን ሳይሞላ ቢቀር መርማሪው ይናገራል። ቄለም ከምዕራብ ወለጋ፣ ሆሮ ጉዱሩም ከምሥራቅ ወለጋ እንደተለዩ ሁሉ ወደፊትም ዝርዝሩ ቢለወጥ፣ መታረም ያለበትን ቦታ ሁሉ መርማሪው ራሱ ያመለክታል።

ዝርዝሩ ክፍት ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። የከተሞች ስም ብዙ ስለሆነ «ማንኛውም ጽሑፍ» ስም ሊሆን ይችላል ተብሎ ቢጻፍ፣ መርማሪው በማንኛውም ስም ለተጠራ ከተማ የተማሪ ቁጥር አለ ብሎ ይመሰክራል፤ በዓለም ላይ ለሌለ ከተማም ጭምር። ነቀምት በአንዱ ሰነድ «ነቀምት»፣ በሌላው «ነቀምቴ»፣ በቆየ ጽሑፍ «ለቀምት» ተብላ ትገኛለች፤ በላቲን ፊደልም እንደ ጸሐፊው ልማድ ትለያያለች። ደምቢ ዶሎም በቀድሞ ስሟ «ሳዮ» ተብላ ትጻፍ ነበር። ሠንጠረዡ በ«ነቀምቴ» ተሞልቶ ስሌቱ በ«ነቀምት» ቢጠራት የሚገኘው ባዶ ነው። ባዶ ከቁጥር ጋር ሲደመር ጃቫስክሪፕት «ቁጥር ያልሆነ» የሚል ውጤት ይሰጣል፤ ይህም ቀጥሎ የሚደመረውን ሁሉ እያጠፋ እስከ ዞኑ ድምር ይደርሳል። ፋይሉ ጄሶን በተባለው አጻጻፍ ሲላክ ደግሞ «ቁጥር ያልሆነ» የሚለው ወደ ባዶ ስለሚለወጥ፣ ለተቀባዩ ዞኑ ሪፖርቱን ያላቀረበ ይመስለዋል። በ2020 እ.ኤ.አ. ከ4.1 ኛው ዕትም ጋር የመጣው «ኖ አንቼክድ ኢንዴክስድ አክሰስ» የተባለው ማብሪያ እንዲህ ያለውን ጥሪ ሁሉ «ሊኖርም ላይኖርም ይችላል» ብሎ እንዲቆጥር ያደርጋል። ይህም እንደ ቀደመው ማብሪያ ተጠርቶ የሚበራ ነው።

ስለ ማሸግ ጥቂት መናገር ይበቃል። «ሪድኦንሊ» የላይኛውን ዓምድ ብቻ ያሽጋል፤ በዓምዱ ውስጥ ሌላ ቅጽ ካለ የውስጡ ክፍት ነው። የታሸገ ቅጽም ያልታሸገ ቅጽ ለሚጠብቅ ሥራ ቢሰጥ መርማሪው በልማዱ ይቀበለዋል፤ ተቀባዩም ይጽፍበታል። የውጤት ሮስተር ከጸደቀ በኋላ እንዳይነካ በዚህ ደንብ ላይ ብቻ መተማመን አይገባም።

ትልቅና ትንሽ ፊደል የሌለው ጽሕፈት

ከ4.1 ኛው ዕትም ወዲህ የማሻገሪያ ደንብ የዓምዶቹን ስም ጭምር መለወጥ ይችላል። በላቲን ፊደል በሚጽፉ ጸሐፊዎች ዘንድ የተለመደው የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ወደ ትልቅ ፊደል የሚለውጠው «ካፒታላይዝ» ነው። በወለጋ ትምህርት ቤቶች መዝገብ ላይ ይህ ደንብ ሁለት መልክ ይኖረዋል። አፋን ኦሮሞ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በትምህርት ቤት የሚጻፍበት ቁቤ በላቲን ፊደላት የተመሠረተ ስለሆነ ትልቅና ትንሽ ፊደል አለው፤ ስለዚህ በቁቤ የተጻፈው «መቃ» (ስም) የሚለው ዓምድ በደንቡ ካለፈ በኋላ ሌላ ስም ይሆናል። የግእዝ ፊደል ግን ትልቅና ትንሽ የለውም። «ስም» በደንቡ ካለፈ በኋላም «ስም» ነው። እያንዳንዱ ዓምድ መረጋገጡን የሚያመለክተው ተጓዳኝ ዓምድ ከዋናው የሚለየው በትልቅ ፊደል ብቻ ከሆነ፣ በቁቤ የተሠራው ቅጽ በትክክል ሲሠራ በአማርኛ የተሠራው ይጋጫል። ሁለቱ ቅጾች በዓይነት ደረጃ ሲጣመሩ «ስም» ጽሑፍም አዎንታም መሆን ስላለበት ማንኛውም ዕሴት የማይሞላው ዓምድ ይሆናል። በሥራ ሰዓት አንዱ በሌላው ላይ ሲደረብ ደግሞ የልጁ ስም በነበረበት ቦታ «እውነት» ወይም «ሐሰት» የሚል ይቀመጣል። ተጓዳኙ ዓምድ በፊቱ የራሱ ቅጥያ ቃል ቢሰጠው ችግሩ አይነሣም።

ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ለማምጣት የሚጻፍ ደንብም ተመሳሳይ አደጋ አለው። «ዓመት» እና «አመት» ተብለው የተጻፉ ሁለት ዓምዶች ወደ አንድ ስም ሲመጡ መርማሪው ስሕተት ነው አይልም፤ የሁለቱን ዓይነት አጣምሮ አንዱ ቁጥር ሌላው ጽሑፍ ቢሆን «ቁጥር ወይም ጽሑፍ» ይለዋል።

በመጨረሻ፣ በአንድ ፊደል የተጻፈውን ስም በደንብ ወደ ሌላው ማሻገር ይቻላል የሚለው ሐሳብ በዕቅድ ላይ አልፎ አልፎ ይቀርባል። ወለጋ በዚህ ረገድ የቆየ ልምድ ያለበት ቦታ ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከሙበትና በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግእዝ ፊደል የተጻፈ ነበር፤ ኦኔሲሞስም በ1904 እ.ኤ.አ. ወደ ነቀምት መጥተው በዚያው ሲያስተምሩ ኖረዋል። በግእዝ ፊደል የድምፅ መጥበቅ አይጻፍም፤ የአናባቢ መርዘምም በኦሮምኛ ትርጉም የሚለይ ሆኖ ሳለ በመደበኛው ፊደል አይታይም። ሳድስ ፊደልም አናባቢ ይኑረው አይኑረው አያመለክትም። ቁቤ እነዚህን ሁሉ በፊደል ይጽፋቸዋል፤ ነጆ ሲጻፍ «ጀ» ድምፁ በሁለት ፊደል ይጻፋል፣ የመጨረሻው አናባቢም ይደገማል። ከቁቤ ወደ ግእዝ ሲኬድ ይህ መረጃ ይወድቃል፤ ከግእዝ ወደ ቁቤ ሲኬድ ደግሞ ከየትም አይመጣም። ስለዚህ የተማሪው፣ የአባቱና የአያቱ ስም በሁለቱም ጽሕፈት የሚፈለግ ከሆነ ቅጹ ስድስት የስም ዓምዶች ይኖሩታል፤ ስድስቱም ግዴታ ይሆናሉ፤ በምዝገባው መስኮትም ከወላጅ አፍ ይሞላሉ።